ውሃ የተባለው እግር

በሥልጠና ማዕከሉ ውስጥ ሁሉም ሰው «ብሎን» ነው የሚላት። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ምክንያቱ ግን ይታወቃል፤ አንዴ ከጠበቀች አትፈታም። እሷም ስሙን አልጠላችውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የበረራ ሲሙሌተር ስትጠግን የኖረች ሴት ከዚህ የባሰ ስም ሊወጣላት ይችል ነበር። አለቃዋን ከጀርባው ምን እንደሚሉት ብናገርማ ጉድ ይፈላል።

ሲሙሌተር ለማያውቀው ሰው በስድስት የብረት እግሮች ላይ የቆመ ትልቅ ነጭ ሳጥን ነው። ውስጡ ግን ከመሪው እስከ ትንሿ መብራት ድረስ ቁርጥ የአውሮፕላን አብራሪ ክፍል ነው። ሰልጣኙ ገብቶ ቀበቶውን ይታጠቃል፣ በመስኮቱ ሜዳና ደመና ይታየዋል፣ ሳጥኑም በስድስት እግሩ እያዘነበለና እየተንገጫገጨ በእውነት የሚበር ያስመስለዋል። ቢከሰከስ እንኳ ለምሳ ይደርሳል፤ ጥቅሙም ይኸው ነው። ጠዋት ጠዋት ከሁሉ ቀድማ የምትገባው ብሎን ናት። ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች ትፈትሽና «ለሥልጠና ዝግጁ ነው» የሚለው ቅጽ ላይ ትፈርማለች። እሷ ካልፈረመች ማንም ቢሆን ወንበሩ ላይ አይቀመጥም።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የእህቷ ልጅ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ቤት መጥታ ሶፋው ላይ ስትዘረገፍ ነው። ልጅቷ እናቷ ከሞተችበት ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ከአክስቷና ከአያቷ ጋር እዚሁ አራተኛ ፎቅ ላይ አድጋለች። አሁን ሃያ ሦስት ሞልቷታል፤ ሰልጣኝ አብራሪ ናት። በሲሙሌተር የሚሰጠውን ትምህርት ከክፍሏ አንደኛ ሆና ጨርሳ፣ ባለ ሁለት ሞተሩ እውነተኛ አውሮፕላን ላይ ወጥታለች። መከራዋን ያየችውም እዚያ ነው።

«ምን ሆንሽ?» አለች ብሎን።

«ወደቅሁ። ያው ፈተና ነው፤ የሞተሩ።»

የሞተሩ ፈተና ቀላል ነው፤ ለሚያወራው ማለቴ ነው። ከፍ ካሉ በኋላ አሰልጣኙ ሳይናገር አንዱን ሞተር ያደክመዋል። አውሮፕላኑ ወዲያው አፍንጫውን ወደ ደከመው ሞተር ያዞራል። አብራሪው በሌላኛው በኩል ያለውን ፔዳል በእግሩ ረግጦ አፍንጫውን ቀጥ ማድረግ አለበት። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለት ጊዜ አፍንጫው አምልጧታል። ሦስተኛውና የመጨረሻው ፈተና ዓርብ ነው፤ ካላለፈች ትሰናበታለች።

«ምን ብሎ ጻፈብሽ?»

«‹የእግር ጉልበት የላትም› ብሎ። በቃሉ ደግሞ ‹እግርሽ ውሃ ነው› አለኝ።»

አያትየዋ ከመኝታ ቤት ሆነው ሰሙ። ጆሯቸው ደከመ ተብሎ ሐኪም ቤት የሚመላለሱት ሴትዮ ስለዚህ ቤት ልጆች ክፉ ከተወራ በሦስት ግድግዳ አልፈው ይሰማሉ።

«የማን እግር ነው ውሃ?» እያሉ ወጡ። «ሊፍቱ ከተበላሸ ጀምሮ ሃያ ሊትር ጀሪካን አራት ፎቅ የሚያወጣው የማን እግር ነው? እሱን ሰውዬ እዚህ አምጪልኝና እኔው በጥፊ ልፈትነው!»

ብሎን አልሳቀችም። ጥገና የለመደ ሰው ነገር ሲሰማ መጀመሪያ የሚያምረው መለካት ነው። እናቷ፣ አያትየዋ ማለት ነው፣ ሐኪም ጠዋት ጠዋት ይመዘኑ ብሏቸው የገዙትን፣ ቁጥሩን ግን ለሐኪሙም የማይናገሩለትን የሰውነት ሚዛን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። ጠባቡ ኮሪደር ላይ ልጅቷን ጀርባዋን ለአንዱ ግድግዳ አስደግፋ አስቀመጠቻት፤ ሚዛኑን በሌላው ግድግዳ ላይ አቁማ ያዘችላት።

«በይ በሙሉ ኃይልሽ ግፊ።»

ልጅቷ ገፋች። ቀስቱ ሃምሳ ስምንት ላይ ደርሶ ተንቀጠቀጠ።

«ይኸው ውሃው!» አሉ አያት እያጨበጨቡ።

የአውሮፕላኑ ፔዳል እስከ መጨረሻው ለመረገጥ ሠላሳ አምስት ኪሎ ይፈልጋል። ብሎን ይህን ቁጥር ከስልክ ቁጥሯ በላይ ታውቀዋለች። ሃምሳ ስምንት የሚገፋ እግር ሠላሳ አምስትን እንዴት ያቅተዋል?

«ዛሬ አውሮፕላኑ ላይ ምን ያህል ገፋሽ?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ። ሲሙሌተሩ ላይ እንደምገፋው።»

«እስኪ ዓይንሽን ጨፍኚና ሲሙሌተሩ ላይ እንደምትገፊው አድርገሽ ግፊ።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ገፋች። ቀስቱ ሃያ አራት ላይ ቆመ። እንደገና አስገፋቻት፤ ሃያ አምስት። ለሦስተኛ ጊዜ፤ ሃያ አራት። እግሯ ትምህርቱን በደንብ ነበር የያዘው። ብሎን ሚዛኑን ወደ አልጋ ሥር አልመለሰችውም።

ማክሰኞ ጠዋት ሚዛኑን በትልቅ ቦርሳ ከትታ ሄደች። የበሩ ጥበቃ ቦርሳውን ከፍቶ አየና ቀና ብሎ አያት።

«ክብደት ልቀንስ ነው» አለችው።

«እዚህ ቤት ሥራው ራሱ ይቀንሳል እኮ» ብሎ አሳለፋት።

ማንም ሳይገባ ሳጥኑ ውስጥ ገብታ በግራው ወንበር ተቀመጠች። ሚዛኑን ፔዳሉ ላይ ደገፈችና እስከ መጨረሻው ረገጠችው። ቀስቱ ሃያ አራት አለ። ፊት ለፊቷ ያለው ስክሪን ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሠላሳ አምስት ይላል።

ከፔዳሉ ጀርባ እግርን መልሶ የሚገፋ ሞተር አለ። ሞተሩ ምን ያህል እንደሚገፋ የሚወስነው የእግሩን ጫና የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ላይ የተሳሳተ ቁጥር ከተሞላ፣ ሃያ አራት ኪሎ ተረግጦ ሠላሳ አምስት ነው ብሎ ያምናል። ኮምፒውተሩም እሱኑ ጠይቆ ሠላሳ አምስት ብሎ ይጽፋል። ሁለቱ እርስ በርስ ይመሰካከራሉ፤ እግርን የጠየቀ የለም።

ማን ሞላው? ብሎን የለውጥ መዝገቡን ስትገልጥ እጇ ከእሷ ቀድሞ ገጹን አገኘው። የዛሬ አራት ዓመት የተጻፈ ነው። «ፔዳሉ ስለከበደ ቁጥሩ ለጊዜው ተቀንሷል» ይላል። ጽሕፈቱ የእሷ ነው፤ ፊርማውም የእሷ ነው። ከሁሉ ይልቅ ዓይኗን የወጋት «ለጊዜው» የሚለው ቃል ነው።

አሁን ሁሉም ትዝ አላት። ያኔ ፔዳሉ በቀላሉ እንዲሄድ የሚያደርገው ኩሽኔታ አልቆ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ከብዶ ነበር። ዋና አሰልጣኙ አንጋፋ ካፒቴን ናቸው፤ ቀኝ ጉልበታቸው ተቀድዶ ከተሰፋ በኋላ መብረር ትተው በሲሙሌተር ብቻ ያስተምራሉ። «እባክሽ ልጄ፣ እግሬን ሊጨርሰኝ ነው» አሏት። መለዋወጫው እስኪመጣ ብላ ቁጥሩን ቀነሰችው፤ ይህ ስህተት አልነበረም። ስህተቱ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። አዲሱን ኩሽኔታ ገጠመች፤ ፔዳሉ ቀለለ፤ ቁጥሩን ልትመልስ ስትል ካፒቴኑ ሞክረው «እጅሽ ይባረክ! አሁን ገና ልክ መጣ፤ እንዳትነኪው» አሏት። ደስ አላት። ካፒቴኑ ሰው የሚያመሰግኑ ሰው አይደሉም። ነገ እለካዋለሁ ብላ ተወችው።

በዓመት አንድ ጊዜ ግን ፔዳሉን በእጅ መለኪያ መለካት ግዴታ ነው። የእጅ መለኪያው ለጥገና ተልኮ በዚያው ቀረ። የመጀመሪያው ዓመት ስክሪኑ ላይ ያለውን ሠላሳ አምስት ገልብጣ ጻፈች። በሁለተኛው ዓመት ባለፈው ዓመት የጻፈችውን ገለበጠች። ሦስተኛው ዓመት ላይማ ማሰብም አላስፈለጋት። ስንት ነገር በጥርጣሬ የምትፈታታ ሴት የራሷን ፊርማ ስታይ አምናው አለፈች።

በእነዚህ ዓመታት በሞተሩ ፈተና ወድቀው የተሰናበቱ ሦስት ልጆች አሉ። ምሳ ቤት ውስጥ ካፒቴኑ «የዘንድሮ ልጆች እግር የላቸውም፤ ስልክ ሲነካኩ ጣት ብቻ ሆነው ቀሩ» ብለው ጠረጴዛውን አስቀውት ነበር። ብሎንም ስቃለች። ያን ሳቋን ባስታወሰች ቁጥር ፊቷ ይግላል። ያን ማክሰኞ ጠዋት ቅጹ ላይ አልፈረመችም። ሲሙሌተሩ ምርመራ ላይ ነው ብላ ሰልጣኞቹን መለሰች።

ማታ እራት ላይ ሁሉንም ነገረቻቸው። አላለሳለሰችውም። ልጅቷ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ስለዚህ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ እዚህ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ እግሬን ስሰድበው፣ የፈረምሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

አያትየዋ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት፤ በዚያ ቤት ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ልጅቷ ተነሳችና በሯ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ነገ ለእነሱም እንዲሁ አፍሽን ሞልተሽ ትነግሪያቸዋለሽ? ወይስ ጀግንነትሽ እኛ ላይ ነው?»

«እነግራቸዋለሁ።»

«እናያለን» ብላ በሩን ዘጋችው። ብሎን ተናዳ አልነበረም። አፍራ ነበር፤ ከእፍረቱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር፣ ጥርስ የሚያስነክስ ነገር መነሳት ጀምሮ ነበር።

በማዕከሉ አንድ ሕግ አለ። ማንም ሰው ከሳጥኑ ሥር ገብቶ ከመሥራቱ በፊት ዋናውን የኃይል ማብሪያ ያጠፋል፣ የራሱን ጓጉንቸር ይገጥምበታል፣ ስሙ ያለበትን ቀይ ካርድ ያንጠለጥላል። ጓጉንቸሩን የሚያነሳው የገጠመው ሰው ብቻ ነው። ዳይሬክተርም ቢሆን፣ አለቃም ቢሆን አይነካም። ሕጉ የወጣው አንድ ቴክኒሽያን ሥር ተኝቶ ሳለ ሌላው ሳያውቅ አብርቶበት ጎድኑ ከተሰበረ ወዲህ ነው። ጓጉንቸሩ በግድ ከተቆረጠ ደግሞ የቆረጠው ሰው ለበረራ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ምክንያቱን በጽሑፍ ያሳውቃል። ይህ ሁሉ በመስታወት ተለብጦ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ የአለቃዋ ፊርማ አለበት፤ ያማረ ፊርማ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ብሎን ኃይሉን አጠፋች። ጓጉንቸሯን ገጠመች። ቀይ ካርዱን አንጠለጠለች። ዝግጁ የሚለው ቅጽ ላይ «ለሥልጠና አይውልም፤ ፔዳሉ ከአውሮፕላኑ በአሥራ አንድ ኪሎ ይቀላል፤ ቁጥሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ሳልለካ የፈረምኩትም እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች። ግልባጩን ፎቶ አንስታ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ላከች። ከዚያ ወንበር ስባ ማብሪያው አጠገብ ተቀመጠች።

ሁለት ሰዓት ላይ ከሌላ ድርጅት የመጡ ስድስት እንግዳ አብራሪዎች ደረሱ። ከኋላቸው ካፒቴኑ እያነከሱ መጡ።

«ማነው ሲሙሌተሬን የቆለፈው?»

«እኔ ነኝ ካፒቴን። ፔዳሉ የውሸት ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው? ከዚህ የተሻለ ፔዳል የለም! አራት ዓመት አስተማርኩበት።»

«እኮ እሱን ነው የምለው» አለችና ሚዛኑን ግድግዳው ላይ አቁማ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። «እንደሚያስተምሩት አድርገው ይግፉልኝ።»

እምቢ ሊሉ ነበር። እንግዶቹ ግን ከበው ቆመዋል። ካፒቴኑ ተቀመጡ፣ ቀኝ እግራቸውን አነሱ፣ ገፉ። ሃያ አራት ላይ ሲደርሱ በቃኝ ብለው አቆሙ።

«አውሮፕላኑ ሠላሳ አምስት ነው የሚለው፤ ይቀጥሉ።»

ቀጠሉ። ሃያ ስድስት። ሃያ ሰባት። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ፣ ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ፣ እግራቸው ወረደ። ብሎን አዘነችላቸው፤ ሚዛኑን ግን እንግዶቹ ሁሉ እስኪያነቡት ድረስ አላነሳችም። ካፒቴኑ ሱሪያቸውን አራገፉና እያነከሱ ሄዱ።

አለቃው መጥቶ ክንዷን ያዝ አድርጎ ወደ ቢሮው አስገባት። በአንድ ዓመት የተቀጠሩ ናቸው፤ አብረው ወለል ጠርገዋል፤ ስለዚህ ብቻቸውን ሲሆኑ ጨዋታው አያልቅባቸውም ነበር። ዛሬ አልተጫወተም።

«አብደሻል? እንግዶች ፊት?»

«እንግዶቹም እግር አላቸው።»

«ጽሑፉን ለተቆጣጣሪው ልከሻል?»

«ልኬያለሁ።»

አለቃው ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። በስህተት ነው የላክሁት ብለሽ ደውይ። ዛሬውኑ ቁጥሩን መልሺው። ከነገ ጀምሮ ፔዳሉ ልክ ነው፤ ማንም አይጎዳም። የእህትሽን ልጅ ነገ ጠዋት አስገብቼ ለስድስት ሰዓት አለማምዳታለሁ፤ ዓርብ ብትወድቅ እንኳ አንድ ተጨማሪ ፈተና እጨምርላታለሁ። ምን ጎደለሽ?»

ምንም አልጎደለም፤ የከበዳት እሱ ነው። ልጅቷ አብራሪ ትሆናለች፤ እሷም ሥራዋ ላይ ትቆያለች፤ ፔዳሉም ይስተካከላል። እውነቱን ለመናገር የብሎን ልብ ሸፈት ብሎ ነበር።

«የተሰናበቱት ሦስት ልጆችስ?» አለች።

«የሄዱ ሄደዋል።»

ይህን ባይናገር ይሻለው ነበር። ደሟ ፈላ።

«አልሄዱም! አባረርናቸው። እግር የላችሁም ብለን አባረርናቸው። እግራቸውን ያሳሳትኩት እኔ፣ ፊርማው የእኔ፣ ስሙ የጠፋው የእነሱ!»

«ጥሩ» አለ አለቃው፤ ፊቱ ጠቆረ። «ቁልፉን ካልሰጠሽኝ ሲሙሌተሩ እንደተዘጋ ነው። የዓርቡ ፈተና ግን አይዘጋም። ልጅቷ አንዲት ደቂቃ ሳትለማመድ ትገባለች፤ ትወድቃለች። ያኔ በማን ልታሳብቢ ነው?»

ብሎን ስልኳን አውጥታ ልጅቷ ጋ ደወለች፤ ካለፈው ማታ ወዲህ አልተነጋገሩም። የተባለውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።

«አለቃሽ አጠገብሽ አለ?» አለች ልጅቷ።

«አለ።»

«ስፒከር ላይ አድርጊው።»

አደረገችው።

«ቁልፉን እንዳትሰጪው አክስቴ። እኔ በድብቅ በተስተካከለ ፔዳል አልለማመድም። ብወድቅም ልውደቅ፤ ግን ለምን እንደወደቅሁ በግልጽ ይጻፍልኝ። ሰምተዋል ጌታዬ?»

ብሎን ስልኩን ኪሷ ከተተችው፤ ቁልፉም እዚያው ኪስ ውስጥ ነበር።

«ልትቆርጠው ትችላለህ» አለችው እየወጣች። «ከቆረጥከው ደግሞ ለምን እንደቆረጥክ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ትጽፋለህ፤ እዚያ ግድግዳ ላይ በእጅህ ፈርመሃል።»

ያን ቀን እስከ ሥራ መውጫ ድረስ ማብሪያው አጠገብ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ሥራ ያለው እየመሰለ በአጠገቧ አለፈ። ጥበቃው ብቻ ቆም ብሎ «ክብደቱ ቀነሰ?» አላት።

«እየጨመረ ነው» አለችው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ተቆጣጣሪው መጣ፤ አጠር ያለ፣ ከራሱ የሚከብድ ሻንጣ የያዘ ሰው ነው። የእጅ መለኪያውን ከሻንጣው አወጣ። ብሎን ጓጉንቸሯን ፈትታ ኃይሉን አበራች። ሲለካ ሃያ አራት ነጥብ ሁለት አነበበ። የእናቷ ሚዛን ምን ያህል ጨዋ እንደሆነ አሰበችና ሳታስበው ኮራች።

«ቁጥሩን የቀየረው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማንም ሳያዝሽ?»

«ፊርማው የእኔ ነው። ሌላ ስም የለበትም።»

«የእኔን ጨምርበት» አለ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ። ካፒቴኑ ናቸው፤ በከዘራ ነው የመጡት። እስከዚያ ቀን ድረስ ከዘራ ይዘው ማንም አይቷቸው አያውቅም። «እንዳትመልሺው ያልኳት እኔ ነኝ። ጉልበቴ ነው ያስተማረው፤ እኔ አይደለሁም። እሱንም ጻፈው።»

ተቆጣጣሪው ጻፈ። ብሎን በእሱ ፊት ቁጥሩን መለሰች፤ ድጋሚ ተለካ፤ ሠላሳ አምስት። ሲጨርሱ እጁን ዘረጋና የሥራ ፈቃዷን ተቀበላት። ለአንድ ዓመት ታግዷል አላት። አንድ ዓመት ብሎ ሲናገር ድምፁ እንደማዘን አለ፤ እሷ ግን ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ የእገዳው ወረቀት ላይ ፈረመች። አንድ ወረቀት ሁለቴ አንብባ ስትፈርም ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ለሦስት ሰዓት እንድትለማመድ ተቆጣጣሪው ራሱ አዘዘ። ብሎን አላየቻትም፤ መግቢያ ካርዷን አስረክባ በእግሯ ወደ ቤት እየሄደች ነበር።

ዓርብ ቤት ዋለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በሥራ ቀን ቤት ስትውል የመጀመሪያዋ ስለሆነ እናቷ አላስቀመጧትም። «ሥራ ፈት ከሆንሽማ መጋረጃውን አውርጂ፣ የቧንቧውን ጠብታ አቁሚ፣ ሚዛኔንም ካነሳሽበት መልሺው» ይሏታል። ብሎን ቧንቧውን አጥብቃ ስልኳን ያዘች።

በተቆጣጣሪው ሪፖርት መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አለ። በዚህ ምክንያት የተሰናበቱ ሰልጣኞች በሠላሳ ቀን ውስጥ ካመለከቱ እንደገና ይፈተናሉ ይላል። አለቃው ለልጆቹ እንዲነገራቸው ስትጠይቀው «ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን» አላት። የተባረረ ሰው የተባረረበትን ቤት ሰሌዳ የሚያነብ ይመስል! ስለዚህ ራሷ ደወለች። የመጀመሪያው ልጅ ማንነቷን ስትነግረው ሰድቧት ዘጋ፤ እንደገና ደወለች፤ እንደገና ሰደባት፤ በሦስተኛው አዳመጣት። ሁለተኛዋ አለቀሰች። ሦስተኛው ልጅ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰማና ቀዝቃዛ በሆነ ድምፅ «እናቴ፣ ተይኝ። እኔ እግር የለኝም፤ አምኜ ተቀብየዋለሁ» አላት።

ይህን ሲል ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። አንዱ እግር ይረግጣል፤ ሌላው ይጎተታል። ብሎን ስልኩን ሳትዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በሩን ከፈተች።

ልጅቷ ግድግዳ ይዛ እያነከሰች ገባች። ወንበር ላይ ወደቀችና ግራ ጫማዋን አወለቀች። ጭኗ በሱሪዋ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይታያል።

«አፈር ይብላ ያ ፔዳል! ግንብ ነው እኮ! ከትናንት ጀምሮ እግሬ የእኔ አይደለም።»

«ተናገሪ እንጂ!» ጮኹ አያት።

«ቀኙን ሞተር አደከመው፤ አፍንጫው ንቅንቅ አላለም። ግራውን አደከመው፤ ንቅንቅ አላለም። ዓይኑን አላምን ብሎ ነው መሰለኝ እንደገና ቀኙን አደከመው። ያዝኩት። አለፍኩ።»

አያትየዋ እልልታቸውን ለቀቁት። ብሎን ግን ቆማ ቀረች፤ የማክሰኞ ማታው ነገር ገና አልተወራም።

«አሰልጣኙ ስንወርድ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?» አለች ልጅቷ ወደ እሷ ዞራ። «‹ይህን እግር እስከ ዛሬ የት ደብቀሽው ነበር?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«‹አክስቴ ናት የደበቀችው› አልኩት።» ልጅቷ የአክስቷን እጅ ጎትታ ጉንጯ ላይ አደረገችው። «‹ያወጣችውም እሷ ናት› አልኩት።»

ብሎን አለቀሰች። አለቃዋ ፊት ያልወጣ፣ ፈቃዷ ሲወሰድ ያልወጣ እንባ ያኔ ወረደ፤ አልከለከለችውም። ከዚያ ትዝ ሲላት ፊቷን በክንዷ ጠርጋ ስልኩን አነሳች።

«አለህ?»

«አለሁ» አለ ልጁ። ድምፁ ሌላ ሆኗል።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«እንግዲያው እስክሪብቶ ያዝ» አለችው። «ማመልከቻውን አሁን ነው የምንጽፈው።»